ከቡላ የሠራሽው ፕላስቲክ ውስጥ የሚያበሩት መስቀሎች

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከቡላ ስታርችና ከግሊሰሮል ባዮፕላስቲክ ፊልም እየሠራሁ ነው። ፊልሙ በዓይን ሲታይ ጥርት ያለ ነው። ሲጎተት ግን አንዳንዱ ቶሎ ይቀደዳል፣ አንዳንዱ ይችላል። አማካሪዬ በፖላራይዝድ ብርሃን እዪው አሉኝ። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለው ተራ ማይክሮስኮፕ ብቻ ስለሆነ ከታችና ከላይ የፖላራይዘር ፕላስቲክ ቆርጬ አደረግኩበት። ሁሉም ነገር ጥቁር ሆነ፤ ጥቁሩ ላይ ግን ትንንሽ የሚያበሩ ነጥቦች አሉ፣ መሃላቸው ላይ ጥቁር መስቀል ይታያል። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ብርማ መስመሮች አሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ቢጫ ይሄዳሉ። አቧራ ነው? የስልኬ ካሜራ ችግር ነው? ወይስ ክሪስታል ነው ብዬ ልጻፍ?»

ሰላም እህቴ። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አቧራ አይደለም፣ ካሜራሽም ደህና ነው። መስቀል ያለባቸው ነጥቦች ሳይበስሉ የቀሩ የስታርች ቅንጣቶች ናቸው። በሌላ አነጋገር ቡላሽ ሙሉ በሙሉ አልበሰለም። ዳር ላይ ያሉት መስመሮች ሌላ ታሪክ ናቸው፤ ፊልሙ በደንብ ሳይደርቅ ስትልጪው የተለጠጠበት ቦታ ይመስለኛል። ሁለቱን እንዳታደባልቂያቸው፣ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። «ክሪስታል ነው» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ጥቁሩ ከየት መጣ? ተራ ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ከታች ያደረግሽው ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ከላይ ያለው ሁለተኛው፣ አናላይዘር የምንለው፣ ከመጀመሪያው ጋር 90 ዲግሪ ሲጋጠም የመጣለትን በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ ስላይድ ሳታስቀምጪ ብታዪ ጥቁር ነው። በመሃል ያስገባሽው ነገር ብርሃኑን ካልቀየረው ጥቁሩ እንዳለ ይቀጥላል። ውሃ እንዲህ ነው፣ ጥሩ መስታወት እንዲህ ነው፣ ሞለኪውሎቹ ዝብርቅርቅ ብለው የቆሙ ፕላስቲክም እንዲሁ። ሞለኪውሎቹ በሰልፍ የቆሙበት ነገር ከሆነ ግን ብርሃኑ እዚያ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ፈጠን አንዱ ዘግየት ብሎ ይወጣል፣ መልሰው ሲገናኙ የመርገብገቢያ አቅጣጫቸው ተቀይሮ ይገኛል፣ ከዚያም የተወሰነው ክፍል በአናላይዘሩ በኩል ሾልኮ ዓይንሽ ጋ ይደርሳል። የምታዪው ብርሃን እሱ ነው። ባሕርዩን ባይሪፍሪንጀንስ እንለዋለን።

ነገሩ የቆየ ነው። የዴንማርኩ ኤራስመስ ባርቶሊን እ.ኤ.አ. በ1669 ከአይስላንድ በመጣ ጥርት ያለ ካልሳይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ እንደሚታይ ጻፈ። በ1828 ዊልያም ኒኮል ከዚያው ካልሳይት ፖላራይዘር ሠራ፣ ለረጅም ዘመንም ማይክሮስኮፕ ላይ የሚገጠመው የእሱ ፕሪዝም ነበር። አንቺ በመቀስ የቆረጥሽው ስስ ፕላስቲክ የመጣው ኤድዊን ላንድ በ1929 ካቀረበው ፈጠራ ነው። ይህን የማነሳው ያለሽ ነገር ትንሽ እንዳይመስልሽ ነው። ዋናው ሥራ በሁለቱ ፖላራይዘሮች ነው የሚሠራው፣ እነሱ ደግሞ እጅሽ ላይ አሉ።

አሁን ወደ መስቀሉ። የስታርች ቅንጣት ውስጥ ሞለኪውሎቹ ከአንድ እምብርት ተነስተው ወደ ዙሪያው ይዘረጋሉ፣ እንደ ጃንጥላ ዘንጎች። የአንዳንዶቹ አቅጣጫ ከፖላራይዘሩ ጋር፣ የሌሎቹ ደግሞ ከአናላይዘሩ ጋር ልክ ይገጥማል። እነዚያ ብርሃኑን አይቀይሩትም፣ ስለዚህ ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። አራቱ የመስቀሉ ክንዶች እነሱ ናቸው። በመካከላቸው ሰያፍ የቆሙት ግን ብርሃኑን ይቀይሩታል፣ አራቱ ሩብ ክፍሎች ያበራሉ። ስለዚህ መስቀሉ ቅንጣቱ ውስጥ የተቀረጸ ምልክት አይደለም። በዚያ ቅንጣት ውስጥ ሞለኪውሎቹ ዙሪያውን ተሰልፈው እንዳሉ ነው የሚነግርሽ።

ይህን በራስሽ እጅ አረጋግጪ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስላይዱን ቀስ ብለሽ በጣትሽ አዙሪ። መስቀሉ ከቅንጣቱ ጋር አብሮ አይዞርም፣ ባለበት ይቆማል። ቅንጣቱ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ክንዶቹ ትንሽ ሊጣመሙ ይችላሉ፣ እምብርቱም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ሊሆን ይችላል፤ የድንች ስታርች ላይ ይህ በጣም ግልጽ ነው። የልብስ ክር ከሆነ ግን ሌላ ጸባይ ያሳያል። ስታዞሪው ያበራል፣ ይጠፋል፣ ያበራል፣ ይጠፋል። በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ በየ90 ዲግሪው ይጨልማል። የጥጥ ክር፣ የወረቀት ብናኝ፣ አብዛኛው የሚያደናግርሽ ቆሻሻ እንዲህ ነው። እንግዲህ አቧራና ስታርችን በዚህ ትለያለሽ።

እኔ ይህ ነገር ከልቤ የገባው በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ከቤት የተቦካ የጤፍ ሊጥ በትንሽ ብልቃጥ፣ አብሲቱን ደግሞ በሌላ ይዤ ሄድኩ። ከሊጡ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጌ ፖላራይዘሩን ስዘጋ ሜዳው በሙሉ በጥቃቅን ብርሃን ተሞላ። የጤፍ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ መስቀሉን ለማየት በ40ው ኦብጀክቲቭ (40 ጊዜ በሚያጎላው የማይክሮስኮፑ ሌንስ) እንኳ ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከዚያ የአብሲቱን ጠብታ አስገባሁ። ጨለማ። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት የቀረ ነጥብ ነበር፣ ሌላው ጥፍት ብሏል። ያው ጤፍ፣ ያው ውሃ ነው፤ ልዩነቱ እሳት ማየቱ ነው። የጤፍ ስታርች በብዙ ውሃ ውስጥ ሲሞቅ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መሃል ሥርዓቱ ይፈርሳል፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሰልፉ ይበተናል፣ መስቀሉም አብሮ ይሄዳል። አብሲት የምትጥል እናት ይህን በእጇና በዓይኗ ታውቀዋለች፣ ሲወፍር ታየዋለች። ማይክሮስኮፑ የሚያሳይሽ ያንኑ ነው፣ ቅንጣት በቅንጣት።

ወደ አንቺ ፊልም ስመጣ ታዲያ፣ መስቀል ያለው ቅንጣት ማለት ያልፈረሰ፣ ሳይበስል የቀረ ቅንጣት ማለት ነው። በዙሪያው ያለው የበሰለ ስታርች ለስላሳና ተለጣጭ ነው። ያልበሰለው ግን እንደ ጠጠር ድርቅ ብሎ መሃሉ ተቀምጧል። ፊልሙን ስትጎትቺው ዙሪያው ይለጠጣል፣ ጠጠሩ አይለጠጥም፣ በሁለቱ መካከል ይላቀቃል፣ ቅዳዱ ከዚያ ይነሳል። ገንፎ ውስጥ ሳይበስል የቀረ የዱቄት ጓል አስቢው፤ ማንኪያው እሱ ጋ ሲደርስ ነው የሚሰነጠቀው። አንዳንዱ ፊልም ለምን እንደሚችልና አንዳንዱ ለምን እንደማይችል ዋናው ተጠርጣሪዬ ይህ ነው።

ለምን አልበሰለም? እዚህ ላይ ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ግሊሰሮሉ ነው። ውሃው ሲያንስና ግሊሰሮሉ ሲበዛ ስታርቹ የሚፈርስበት ሙቀት ከፍ ይላል። ስለዚህ በጽሑፎች ላይ ለስታርች የተጻፈው ቁጥር በብዙ ውሃ የተለካ መሆኑን አትርሺ፤ በአንቺ ቅልቅል ውስጥ ያው ቁጥር አይሠራም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አዲስ አበባ ወይም እሷን የሚያህል ከፍታ ላይ ካለሽ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። በ2,400 ሜትር ከፍታ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ፈልቷል፣ በቃ» ብለሽ ካወረድሽው ውጭ አገር የተጻፈውን ፕሮቶኮል አልደገምሽውም ማለት ነው። ቴርሞሜትሩን ድስቱ ውስጥ ክተቺና የምታነቢውን ጻፊ። ሦስተኛው መጓጎል ነው። ዱቄቱን ሙቅ ውሃ ላይ ከነሰነስሽ ውጩ ወዲያው ይበስልና ውስጡን ይዘጋዋል፣ ውሃ ወደ መሃል አይገባም። በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ በጥብጠሽ ከዚያ እያማሰልሽ አሙቂ። ይህን አንድ ነገር ብቻ አስተካክለው መስቀሉ የጠፋላቸው ተማሪዎች አይቻለሁ።

ዳር ላይ ያሉት ብርማና ቢጫ መስመሮችስ? እነሱን ስታዞሪ በየ90 ዲግሪው ይጠፋሉ ብዬ እገምታለሁ፤ እዪና አረጋግጪ። ይህ ከሆነ መስመሩ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፏል ማለት ነው። ፊልሙ ገና እርጥብ እያለ ከሰሃኑ ላይ ሲላጥ ሞለኪውሎቹ በጎተትሽበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ሲደርቅ እንደተሰለፉ ይቀራሉ። ለማመን አንድ ፌስታል ቀደሽ ጎትቺና በሁለቱ ፖላራይዘሮች መሃል ያዢው። ከመጎተቱ በፊት ደብዘዝ ያለ ነው፣ ከተለጠጠ በኋላ ብርሃን ይተፋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭም በቀለም ያሸበረቀ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሲሠራ ተነፍቶ ነው የተለጠጠው። ስለዚህ ማብራት ሁሌ መጥፎ አይደለም። በትክክለኛው አቅጣጫ የተሰለፈ ፕላስቲክ በዚያ አቅጣጫ ይጠነክራል፣ በተሻጋሪው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። የመጎተት ሙከራሽን ስትሠሪ ናሙናውን ከየትኛው የፊልሙ ክፍልና በየት አቅጣጫ እንደቆረጥሽ የማትጽፊ ከሆነ ውጤትሽ ለምን እንደሚበታተን አታውቂም። እኔ ብሆን ዳሩን 1 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጬ እጥለው ነበር።

ቀለሙን በተመለከተ ጠንቀቅ በይ። ቢጫው የስታርቹ ቀለም አይደለም፣ የግሊሰሮሉም አይደለም። ቀለሙ የሚመጣው ፈጣኑና ዘገምተኛው ሞገድ ሲወጡ በመሃላቸው ካለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ውፍረት ሲባዛ በባይሪፍሪንጀንሱ መጠን ነው። ፊልምሽ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ማለትም 100,000 ናኖሜትር፣ ባይሪፍሪንጀንሱ ደግሞ 0.002 ቢሆን፣ ርቀቱ 200 ናኖሜትር ነው። ይህ ግራጫ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ብርማ ያልሽው። ያው ቦታ 0.0035 ቢሆን 350 ይሆናል፣ ቢጫ ነው። 550 አካባቢ ቀይ ወይን ጠጅ ይመጣል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አለ፣ ሚሼል ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው። ጂኦሎጂ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ እግረ መንገድሽንም እውነተኛ የፖላራይዚንግ ማይክሮስኮፕ ካላቸው አንድ ከሰዓት እንዲያስጠቅሙሽ ለምኚያቸው። እነሱ ድንጋዩን ሁሌ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን ይሞርዱታል። ለዚህ ነው ኳርትዝ፣ ባይሪፍሪንጀንሱ 0.009 የሆነው፣ የትም አገር ብታዪው 270 ናኖሜትር ሰጥቶ ያው ግራጫ ነጭ የሚሆነው። የአንቺ ፊልም ግን ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወፈር ያለው ፊልም ስለወፈረ ብቻ ይበልጥ ሊያበራ ይችላል። ሁለት ፊልም ከማወዳደርሽ በፊት ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ መሣሪያ ለኪ፣ ቁጥሩን ፎቶው ሥር ጻፊ።

አሁን ስለ መሣሪያሽ። ሁለተኛውን ፖላራይዘር የዓይን መመልከቻው ላይ አድርገሽው ከሆነ ይሠራል። የተሻለው ግን የማይክሮስኮፑን ራስ የሚይዘውን ብሎን ላላ አድርጎ፣ ራሱን አንስቶ፣ ትንሽ ክብ ቆርጦ ከሥሩ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የታችኛውን መብራቱ ላይ አስቀምጪና ሜዳው በጣም ጥቁር እስኪሆን አዙሪው። ጥቁሩ ጥቁር ካልሆነ፣ ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ ያልተገጣጠመ ነው ወይም ፕላስቲኩ ተጭሯል። የሲኒማ የሦስት ዳይሜንሽን መነጽር አትጠቀሚ፤ እሱ ሌላ ዓይነት ፖላራይዘር ነው፣ በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙን ያዛባብሻል። ናሙናውን በፕላስቲክ ፔትሪ ዲሽ ላይም አታስቀምጪ፣ ፔትሪ ዲሹ ራሱ ያበራል። መስታወት ስላይድ፣ መስታወት መክደኛ። መስታወቱን ብቻ አስቀምጠሽ መጀመሪያ እዪ፣ ጥቁር መሆኑን ሳታረጋግጪ አትቀጥዪ።

ፊልሙ ላይ ውሃ እንዳታንጠባጥቢ። ያብጣል፣ የምታዪውም ሌላ ነገር ይሆናል። የፊልሙ ገጽ ሸካራ ሆኖ ብርሃኑን ከበተነብሽ አንድ ጠብታ የፓራፊን ዘይት ከላይም ከታችም አድርጊበትና መክደኛውን ጣል አድርጊ። ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ፣ ጭጋጉ ይገፈፋል።

ፎቶ ስታነሺ ደግሞ ስልክሽ በራሱ እንዲያበራና እንዲያጠቁር አትተዪው። ስልክ ጥቁር ነገር ሲያይ «ጨለመብኝ» ብሎ ያበራዋል፣ ያኔ ምንም የሌለበት ፊልም ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙ መስቀል ያለበት ደግሞ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ብርሃኑን ቆልፊውና ሁሉንም በአንድ ልክ አንሺ። ሦስት ማነጻጸሪያ ያስፈልግሻል። ጥሬ ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እዚህ መስቀሉ መሙላት አለበት። ያው ቡላ በብዙ ውሃ በደንብ የበሰለ፣ እዚህ መጥፋት አለበት። ሦስተኛው ፊልሙ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፊልም ሳትመርጪ 10 ቦታ አንሺና መስቀሎቹን ቁጠሪ። መቁጠር አሰልቺ ነው፣ ግን ቴሲስሽ ላይ «ያልበሰለ ቅንጣት ይታያል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ ቁጥሩ ይናገርልሻል። ቁጥሩን ከመጎተት ጥንካሬው ጋር በአንድ ግራፍ አስቀምጪው። ግንኙነት ካለ እዚያ ይታያል፣ ከሌለም ጥርጣሬዬ ተሳስቷል ማለት ነው፣ እሱም ውጤት ነው።

«ክሪስታል ነው ብዬ ልጻፍ?» ላልሽው፦ አትጻፊ። «ባይሪፍሪንጀንት የሆኑ ያልፈረሱ የስታርች ቅንጣቶች» በይ። ማብራት ሰልፍ መኖሩን ያሳያል፤ የተጎተተ ፌስታልም ያበራል። የክሪስታሉን ዓይነትና መጠን የሚነግርሽ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው። በተለይ አንድ ነገር በዚህ ማይክሮስኮፕ እንዳታልፊው እፈራለሁ። የስታርች ፊልም ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሞለኪውሎቹ ቀስ በቀስ እንደገና ስለሚሰለፉ ነው፣ የቆየ እንጀራ እንደሚደርቀው። ይህ አዲሱ ሰልፍ ግን በጣም ጥቃቅንና በየአቅጣጫው የተበተነ ስለሆነ በፖላራይዘር ሥር ሜዳው ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከሳምንታት በኋላ የደረቀ ፊልም አይተሽ «መስቀል የለም፣ ደህና ነው» ብትዪ ትሳሳቻለሽ። ስለዚህ የፊልሙን ዕድሜ ከፎቶው ጋር ጻፊ፣ ሁሉንም በተመሳሳይ ቀን ሞክሪ።

ፈቃደኛ ከሆንሽ ነገ አንድ ነገር ሥሪልኝ። ሲጎተት የተቀደደውን ፊልም አትጣዪው። የቅዳዱን ጫፍ ቆርጠሽ በዘይት ስላይድ ላይ አድርጊና በ10ሩ ኦብጀክቲቭ ከጫፉ ጋር እየሄድሽ እዪው። መስቀሎቹ ከመሃሉ ይልቅ የተቀደደው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ካገኘሻቸው ቅዳዱ በእነሱ በኩል አልፏል ማለት ነው። ከዚያ ስላይዱን 45 ዲግሪ አዙረሽ ያንኑ ቦታ ድገሚው፣ ሁለቱን ፎቶ ከውፍረቱ ቁጥር ጋር አያይዢልኝ፣ አብረን እናየዋለን።